ስለ ንብ ልጆች አመጋገብ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የጥቅምት ወር ተጋምሶ ኅዳር ሲቃረብ ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም። በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ጣሳ ይዞ ይመጣል፤ በውስጧም እንደ ቅቤ የረጋው የዋግ ነጭ ማር ይገኛል። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህችን ጣሳ ስንቀበል የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ዘንድሮ ስንት ኪሎ ተቆረጠ?» የሚል ነው። ማሩ ከተቆረጠ በኋላ በቀፎው ውስጥ ለቀሩት፥ ገና ክንፍ ላላወጡትና ዓይን ላልፈጠሩት የንብ ልጆች ምን ተረፈላቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልጠየቅሁም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ ስለ አገሩ ጥቂት ልናገር። የዋግ ኽምራ ርእሰ ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ተራራና ገደል የበዛበት፥ አፈሩ የሳሳ ምድር ነው። ዝናሙ በሰኔ መጨረሻ ይገባል፤ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መግቢያ ያባራል፤ በአንዳንዱም ዓመት ከዚያ ቀድሞ ጥሎ ይሄዳል። አበባውም ከዝናሙ ጋራ የታሰረ ነው። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ያለብሱታል፤ መንጠሴ የሚባለውም፥ በትግርኛ ተበብ የሚሉት አጭር ቁጥቋጦ፥ በድንጋያማው ጥግ ሁሉ ያብባል። የሰሜኑን ደጋ ነጭ ማር ነጭ ያደረገው በአመዛኙ ይኸው ቁጥቋጦ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ረጅም ወራት ግን ደረቅ ናቸው። ጥቂት ግራር፥ ጥቂት ቁልቋልና ሬት፥ በመንደሩም አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ እርሱ ይረዳል እንጂ፥ ከጥር ወር ጀምሮ እስከ ክረምቱ ድረስ ንብ በዋግ ምድር የምትቀስመው እጅግ ጥቂት ነው።

የአገው ሕዝብና የንብ ዝምድና የቆየ ነው። በላስታ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙም ከዚሁ እንደ ወጣለት በትውፊት የሚነገረውን አድማጮቼ ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ስለ ንብ አያያዝ የዋግን ገበሬ ላስተምር ብዬ አልተነሣሁም። የምናገረው ይልቁንም ለእኛ፥ ማሩን ከሩቅ ለምንጠብቀውና አንዳንዴም በወረቀት ላይ ስለ ቀፎ ለምንወስነው ሰዎች ነው።

ገበሬው የቀፎውን ንግሥት አውራ ይላታል። አውራ ማለት ወንድ፥ ፊታውራሪ ማለት ነው፤ እርሷ ግን በእውነቱ የቀፎው ሁሉ እናት ናት። ይህን ስሕተት እኛ ብቻ አልሠራነውም፤ የጥንቱ ግሪካዊ አሪስጣጣሊስም ንጉሥ ይላት ነበር። እንግዲህ ይህች እናት በሰሙ እንጀራ ላይ ባለችው በእያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ አንድ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሦስተኛው ቀን ይፈለፈልና እጭ ይሆናል። እጩ እግርም ክንፍም የሌለው፥ የሩዝ ፍሬ የምታህል እንኳ ያልሆነ ነጭ ትል ነው፤ ሥራውም መብላት ብቻ ነው። በአምስት ወይም በስድስት ቀን ውስጥ ክብደቱ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ያድጋል። ሦስት ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በስድስት ቀን ውስጥ ሠላሳ ኩንታል ሆነ ብለን ብናስብ የዚህን እድገት ፍጥነት በጥቂቱ እንረዳለን። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በሰም ይከደንና እጩ በውስጡ ተለውጦ፥ ሠራተኛ ንብ ከሆነ እንቁላሉ በተጣለ በሃያ ወይም በሃያ አንድ ቀን ግድም ክዳኑን ቀድዶ ይወጣል። ከተከደነ በኋላ አንዳች ነገር አይበላም። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው አካል የሚሠራው በእነዚያ አምስትና ስድስት ቀኖች በተጐረሰው ነው።

የሚያጐርሱትስ እነማን ናቸው? ሞግዚቶች ናቸው። ከጉድጓዳቸው ከወጡ ገና ጥቂት ቀን የሆናቸው ወጣት ሠራተኞች፥ በተለይ ከአምስተኛው ቀን እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ፥ በራሳቸው ውስጥ ካለ ዕጢ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣሉ። ለእጮቹ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች የሚሰጠው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ማዕዱ ይለያያል። ለሠራተኛነት የታሰበው እጭ ወተቱ ይቀነስበትና ማርና የአበባ ዱቄት የተቀላቀለበት ምግብ ይሰጠዋል። ለንግሥትነት የታጨው እጭ ግን እስከ መጨረሻው በወተቱ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። እንቁላሉ ያው አንድ ዓይነት እንቁላል ነው፤ እናቲቱም ያችው ናት። በምግብ ልዩነት ብቻ አንዷ ስድስት ሳምንት ያህል ደክማ የምትሞት መካን ሠራተኛ፥ ሌላዋ ለዓመታት የምትኖርና በደኅና ወቅት በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል የምትጥል ንግሥት ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የዚህን ነገር ውስጠ ምሥጢር በከፊል ገልጠዋል። በዘር ላይ ምልክት እያኖረ አንዳንዱ ሥራውን እንዲያቆም የሚያደርገውን አንድ ኬሚካላዊ ሠራተኛ በእጮቹ አካል ውስጥ ሥራ ቢያስፈቱት፥ አብዛኞቹ እጮች የንግሥት ምግብ ሳያገኙ ወደ ንግሥትነት አዘነበሉ። ምግብ ሆድ ሞልቶ የሚያልፍ ነገር ብቻ ሳይሆን በዘር ውስጥ የተጻፈው የትኛው ክፍል እንደሚነበብ የሚወስን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን ንብ ማር ትበላለች ብለን እናምናለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ማር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፤ ስኳርም ለመብረርና ለመሞቅ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ አይገነባም። የልጅ ሥጋ የሚገነባው በአበባ ዱቄት ነው፤ ይኸውም ንቦች በኋላ እግራቸው ላይ ብጫ ወይም ነጭ እንክብል አድርገው ተሸክመው ሲገቡ የምናየው ነው። ይህን ዱቄት በማርና በአፋቸው ፈሳሽ ለውሰው በጉድጓድ ያምቁታል፤ እዚያም እንደ ሊጥ ይብላላል። ሞግዚቶቹ ይህን በልተው ነው ወተቱን የሚያወጡት። አንዲት ሠራተኛ ንብ ለማሳደግ ከመቶ ሚሊግራም በላይ የአበባ ዱቄት ያስፈልጋል። ይህ በጣት ጫፍ የሚነሣ ነገር ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀፎ ውስጥ በደኅና ወቅት አያሌ ሺህ ልጆች በአንድ ጊዜ እንደሚያድጉ ስናስብ ሒሳቡ ወደ ኪሎ ይገባል።

ዱቄቱም ሁሉ አንድ አይደለም። ከመቶው ዐሥር የማይሞላ ፕሮቲን ያለው የአበባ ዱቄት አለ፤ አርባ የሚደርስም አለ። ደ ግሩት የሚባል የኔዘርላንድስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት ንብ ከምግቧ የግድ ልታገኛቸው የሚገቡ ዐሥር የፕሮቲን ሕንጻዎች፥ ማለት አሚኖ አሲዶች፥ መኖራቸውን ገልጧል። ከዐሥሩ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ዘጠኙ ቢትረፈረፉም እድገቱ በጐደለው ልክ ይቆማል። ስለዚህ ለንብ ልጆች አንድ ዓይነት አበባ በብዛት ከማግኘት ይልቅ ልዩ ልዩ አበባ በመጠኑ ማግኘት ይሻላል።

ይህ ደግሞ የንብ ብቻ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር አገሮች ሰዎች ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ከእንቁላሉ ጀምረው በገንዳ ያረባሉ። ልጆቹ በዓይን የማይታዩ ናቸው፤ የሚበሉትም በዓይን የማይታየውን የባሕር አልጌ ነው። አርቢዎቹ ክሎሬላ የሚባለው አረንጓዴ አልጌ በቀላሉ ስለሚራባ ገንዳውን በእርሱ ብቻ ቢሞሉት ልጆቹ ጠግበው ሳለ አላደጉም። የአልጌው ልባስ ለመፈጨት ያስቸግራል፤ ለእድገት የሚያስፈልገውም የስብ ዓይነት የለበትም። ሌሎች አልጌዎች ተቀላቅለው ሲሰጧቸው ግን ዛጎላቸው እየሰፋ ሄደ። እኛ ባሕርም ኦይስተርም የለንም፤ ነገር ግን ጠግቦ መክሳት የሚባለውን ነገር የዋግ እናት ልጇን በአጥሚት ብቻ ባሳደገችበት ክፉ ዓመት አይታዋለች።

የአበባ ዱቄት ሲጠፋ በቀፎ ውስጥ የሚሆነውን ስሰማ፥ እውነቱን ልናገር፥ ማር መብላት ለጥቂት ቀን ከብዶኝ ነበር። በመጀመሪያ የሞግዚቶቹ ዕጢ ይደርቃል። ወተቱ ለሁሉ አይበቃም። በዚህ ጊዜ ሞግዚቶቹ እንቁላሎቹንና ትንንሾቹን እጮች መልሰው ይበሏቸዋል። ይህን የሚያደርጉት ከጭካኔ አይደለም፤ በታናናሾቹ አካል ውስጥ ያለውን ጥቂት ፕሮቲን ሰብስበው ለመከደን ለተቃረቡት ታላላቆች ለማጥባት ነው። ድነው የሚያድጉትም ቢሆኑ ደቃቆች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ያጥራል፤ በሽታ ቶሎ ይጥላቸዋል፤ ተራቸው ደርሶ ሞግዚት ሲሆኑም ወተታቸው ቀጭን ነው። እንዲህ እያለ ረኃቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። በመጨረሻም የአገራችን ንብ እንደ ፈረንጅ ንብ እዚያው ተቀምጣ አትሞትም፤ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥታ ትሄዳለች። ገበሬው «ንቤ ኰበለለ» ይላል። ባለቤቱ በቀፎው ውስጥ የሚያገኘው ባዶ እንጀራና የብል ድር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የተማርሁት ከመጻሕፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናገረውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር የእኅቴ ሠርግ ነበረ። ጠጁ በሰቆጣ ማር ካልተጣለ አይሆንም ብዬ የሙጥኝ ያልሁት እኔ ነኝ። በዚያ አገር የሚኖሩት አጎቴ ያን ጊዜ ሦስት ቀፎ ንብ ነበራቸው፤ ስልክ ደውዬ የቀረውን ሁሉ ቆርጠው እንዲልኩልኝ ለመንኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ በጥቅምት ቆርጠናል፤ ይህ የቀረው የልጆቹ ነው» አሉኝ። እኔም የከተማ ሰው ነኝና የሚበልጠውን የማውቅ መስሎኝ፥ «ጋሼ፥ ንብ እንደሆነ ወጥታ ትለቅማለች፤ እርስዎ ብቻ ይላኩልን» አልሁ። አጎቴ ለወንድማቸው ልጅ እምቢ ማለት አልቻሉም። ማሩ ተላከ፤ የጠጁም ነገር በእንግዶቹ ዘንድ ተመሰገነ።

በሚያዝያ ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ ወርጄ ነበርና ቤታቸው ሄድሁ። ከሦስቱ ቀፎዎች ሁለቱ ባዶ ነበሩ። አጎቴ አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ይህም ከወቀሳ የባሰ ነበር። በመጋቢት ወር ሠራተኞቹ ነጫጭ ልጆችን በአፋቸው እየጐተቱ በቀፎው ደጅ ሲጥሉ እንዳዩ ብቻ ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ ጥቂት ስኳር በውኃ በጥብጠው አስቀምጠውላቸው ነበረ። ንቦቹም ጠጡት፤ ልጅ ግን አላሳደጉበትም። ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ያን ዕለት ለአጎቴም ለእኔም ግልጽ አልነበረም። አሁን ግን ግልጽ ነው፤ ስኳሩ ጉልበት ሆነ፥ ሥጋ ሊሆን ግን አልቻለም። ማሩ በተቆረጠ ጊዜ ታምቆ የነበረው የአበባ ዱቄት ከእንጀራው ጋራ አብሮ ወጥቶ ነበርና። እኛ አዲስ አበባ ላይ ማሩን ስናጣራ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ያን መራራ ብጫ ነገር ቆሻሻ ነው ብለን ደፍተነዋል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችን በኩል አንድ ነገር ልናገር ይፈቀድልኝ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት ሲባል ሁላችን ደስ ይለናል። ከዚህም የተነሣ ባለ ፍሬም ቀፎ ለገበሬው ማደል የተወደደ ሥራ ሆኗል። ዘመናዊው ቀፎ መልካም ነገር ነው፤ የማሩን ክፍል ከልጆቹ ክፍል ስለሚለይ፥ በአግባቡ ከተያዘ ልጆቹን ሳይነኩ ማሩን ለማንሣት ይመቻል። ነገር ግን የምንልከው ሪፖርት የታደለውን ቀፎ ይቈጥራል እንጂ በቀፎው ዙሪያ በመጋቢት ወር የሚያብበውን ዛፍ አይቈጥርም። በሬ ለገዛ ሰው ድርቆሽ አለህ ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ ቀፎ ለተቀበለ ሰው ግን አበባ አለህ ወይ አንለውም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በዝቋላ፥ በሰሃላ ሰየምትና በአበርገሌ ድርቅ በጸና ጊዜ የሞተው ከብት በገሃድ ታይቷል። ንብ ግን ሬሳዋን ትታ አትሄድም፤ የጠፋችውን የሚቈጥራት ባለቤቷ ብቻ ነው።

ምን ይደረግ ለሚል አድማጭ፥ ከባለሙያዎችና ከቆዩ ንብ አርቢዎች የሰበሰብሁትን ላካፍል።

አንደኛው ነገር ከሁሉ የሚረክሰው ነው፤ ይኸውም መተው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሲቆረጥ የታመቀ የአበባ ዱቄት ያለበትን እንጀራና ከልጆቹ አጠገብ ያለውን ማር አለመንካት ነው። የእነዚህ ወራት ዱቄት የጥርንና የየካቲትን ልጆች ያሳድጋል። ለከተማ ዘመዱ ማር የሚልክ ገበሬ ይህን ከልቡ ያውቃል፤ የሚያስቸግረው የእኛ ጥያቄ ነው።

ወቅቱ ከፍቶ መመገብ ግድ ሲሆን ግን ሁለት ነገር አብሮ ይሰጣል። ለጉልበት፥ አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ፥ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጭራሮ ወይም ገለባ ተጥሎበት፥ በምሽት ይቀመጣል። በቀን ከተቀመጠ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣና ጦርነት ይነሣል። ለሥጋ ደግሞ ቅመም ያልገባበት የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄት፥ ተቈልቶ የተፈጨና በደንብ የተነፋ፥ በጥቂት ማር ተለውሶ ይሰጣል፤ በሶም የሚሰጡ አሉ። እዚህ ላይ ለባለ ወጥ ቤቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ለወጥ የተዘጋጀ፥ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ሽሮ ለንብ አይሆንም። አንድ ወዳጄ ይህንኑ አድርጎ ንቦቹ ዘወር ብለው እንዳላዩት ነግሮኛል። የጥራጥሬ ዱቄትም ቢሆን የአበባ ዱቄትን ፈጽሞ አይተካም፤ ንብ በራሷ ልትሠራው የማትችለውና ከአበባ ብቻ የምታገኘው ስቴሮል የሚባል የስብ ዓይነት ይጐድለዋል። ስለዚህ ክፉውን ጊዜ መሻገሪያ ነው እንጂ ቀለብ አይደለም። ለዚሁ ሥራ የሚውለው ማርም ከራስ ቀፎ የተቆረጠ ይሁን፤ ከገበያ የተገዛ ማር የሌላ መንጋ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

አበባ ሲመጣ ደግሞ የስኳሩ ውኃ ወዲያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ስኳር በማር እንጀራ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል፤ በጣሳም ተጭኖ የዋግ ነጭ ማር ተብሎ ይሸጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው ገዢውንም የአገሩንም ስም ይጐዳል።

ዘላቂው መፍትሔ በተራራው ላይ ነው። በዋግ ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ተራሮች አሉ፤ በእነዚህም ውስጥ ቁጥቋጦውና ሣሩ መልሶ ሲያገግም የንቡ ማዕድ አብሮ ይመለሳል። በአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚሠራው የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል፥ እንዲሁም በሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል፥ ስለ አገራችን ንብና ስለምትቀስማቸው ዕፀዋት የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሏቸው። ቀፎ ለማደል ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የአካባቢውን የአበባ መቍጠሪያ፥ ማለት በየትኛው ወር የትኛው ተክል እንደሚያብብ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፥ ከእነርሱ ቢጠይቅ ወጪውም ድካሙም ፍሬ ይኖረዋል። በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨውም የአረም መድኃኒት ነገር አለ፤ ለእኛ አረም የሆነው መጭ ለንብ ልጅ ወተት ነውና። ይህ ግን ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚፈልግ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

አጎቴ ከቀረቻቸው አንዲት ቀፎ በተከታዩ ዓመት አንድ መንጋ ከፍለው ሁለት አድርገዋል። ባለፈው ጥቅምት የላኩልኝ ጣሳ ከወትሮው ግማሽ ያህል ነበረች። ስልክ ደውዬ አመሰገንኋቸው፤ ስንት ኪሎ እንደ ተቆረጠም አልጠየቅሁም። ልጆቹ እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉና፥ የእርሳቸውን ልጆች ይሁን የንቦቹን መሆኑን ጠየቁኝ። የንቦቹን አልኋቸው። ስልኩን ወደ ቀፎው አስጠግተው የንቦቹን ድምፅ አሰሙኝ።